ከኮርኒስ በላይ፦ ቤታችንን ስናሰፋ በጀቱን እንዴት እንደያዝነው

ቤታችን ፎቅ አልነበረውም። ቡንጋሎ ነው፤ ሁሉም ነገር አንድ ወለል ላይ። ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ ጠበብ ያለ ወጥ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት። እናቴ ከእኛ ጋር ለመኖር ልትመጣ ስትል ልጆቹም አንድ ክፍል የማይበቃቸው ዕድሜ ላይ ደርሰው ስለነበር ሁለት ሥራ ባንድ ላይ አሰብን፤ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ የልጆቹ መኝታ ቤት ማድረግና ወጥ ቤቱን ወደ ጓሮ ማስፋት።

ሥራው ካለቀ ወዲህ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ደረጃውን ወጥቶ ያያል፣ ከዚያ ወርዶ "ስንት ፈጀ?" ይለኛል። የኔን ቁጥር ብነግራችሁ ብዙም አይጠቅማችሁም፤ የኔ ጣሪያ የእናንተ ጣሪያ አይደለም። ገንዘቡ የት የት እንደሚገባ፣ የትኛው ነገር ቀድሞ ካልተወሰነ በጀቱን እንደሚያናጋው ማወቅ ግን የትም ብትኖሩ ይጠቅማል። እሱን ልጻፍላችሁ።

የጀመርነው እንደ ሰው ሁሉ በካሬ ነው። አንድ ማታ ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ ማባዛት ጀመረ። ቤቱ 8 በ10 ሜትር ነው፣ ስለዚህ ላይ 80 ካሬ አለን፤ የጓሮው ማስፋፊያ 15 ካሬ ይሆናል፤ አንድ ወዳጃችን አዲስ ቤት ሲሠራ በካሬ ስንት እንዳወጣ ነግሮን ነበርና በዚያ አባዝቶ "ይኸው፣ እንችላለን" አለኝ። ደስ ብሎን ተኛን።

በማግስቱ ሜትር ይዘን ወጣን። በመሰላል ኮርኒሱ ላይ ባለችው ቀዳዳ ገባን፣ እኔ ባትሪ አበራሁ፣ እሱ የሜትሩን ጫፍ ከኮርኒሱ እንጨት አስነክቶ እስከ ጣሪያው አናት ዘረጋው። 3 ሜትር ከ36። ግሩም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄድን። አሁንም መቆም እንችላለን። ሁለተኛው እርምጃ ላይ ጎንበስ አልን። ሦስተኛው ላይ በጉልበታችን ነበርን። ባለቤቴ በጉልበቱ እንደሆነ ዞር ብሎ አየኝና ምንም አላለም፣ ማታ ያባዛው ቁጥር ትዝ እንዳለው ግን ገባኝ።

ሒሳቡ ቀላል ስለሆነ ላሳያችሁ። ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 8 ሜትር ወርድ ኖሮት የጣሪያው ተዳፋት 40 ዲግሪ ከሆነ፣ አናቱ ከኮርኒሱ 3.36 ሜትር ከፍ ይላል። አዲሱ ወለል 20 ሴንቲሜትር ያህል ይበላል። ኢንሱሌሽኑ፣ ማለትም ሙቀትና ብርድ የሚከላከለው ንጣፍ፣ ከሥሩ ከሚመጣው ልባስ ጋር ሌላ 12 ሴንቲሜትር ገደማ። የሚተርፈው 3 ሜትር ነው፣ እሱም መሃል ላይ ብቻ። ቁመቱ 1.5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነበትን ብቻ ብንቆጥር ከ8 ሜትሩ ወርድ የምናገኘው 3.7 ያህል ነው። 80 ካሬ ያልነው 37 ካሬ ሆነ ማለት ነው። ተዳፋቱ 30 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አናቱ 2.31 ሜትር ብቻ ይሆንና በዚያው አቆጣጠር የሚተርፈን 17 ካሬ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ለመቆም የሚሆነውማ መሃል ለመሃል ያለች አንዲት ቀጭን መስመር ናት። ቤቱ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ልዩነቱ 10 ዲግሪ።

ስለዚህ በካሬ ዋጋ የሚነግራችሁ ሰው ካለ የቱን ካሬ እንደሚቆጥር ጠይቁት። ኢንሱሌሽኑ የሚለብሰው ጣሪያውን በሙሉ ነው። ቢሙ፣ ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ፣ የሚዘረጋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው። የምትኖሩት ግን ግማሽ በማይሞላው ላይ ነው። እኔ ማንኛውንም ነገር ከማድረጋችሁ በፊት ወጥታችሁ ለኩ እላለሁ፤ ከኮርኒሱ እንጨት እስከ አናቱ 2.2 ሜትር ካልሞላ ጣሪያውን ከፍ ሳያደርጉ የሚሆን ነገር አይደለም፣ እሱ ደግሞ ሌላ ሥራና ሌላ በጀት ነው።

ቦታ የሚጨምር አንድ መላ አለ፤ ዶርመር። ተዳፋቱ ላይ ጣሪያው ይቆረጥና ቀጥ ያለ ግድግዳ ከነመስኮቱ ይወጣል፣ የራሱ ትንሽ ጣሪያም ይኖረዋል። በተዳፋቱ ላይ ዝም ብሎ ከሚገጠም የጣሪያ መስኮት በጣም ይወደዳል፤ መስኮቱ ብርሃን እንጂ ቁመት አይጨምርም፣ ዶርመሩ ሁለቱንም ይሰጣል። እኛ መጀመሪያ በሁለቱም በኩል ዶርመር አሳሰልን፣ በኋላ በጀቱን ስናይ ወደ ጓሮ በኩል አንድ ብቻ አስቀርተን በሌላው በኩል ሁለት የጣሪያ መስኮት አደረግን። አልጸጸተኝም። ልጆቹ ተኝተው ሰማይ ያያሉ።

ቀጥሎ የመጣው መሐንዲሱ ነው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከኮርኒሱ እንጨት አንዱን በጣታቸው ስንዝር ለክተው "እህቴ፣ ይህ እንጨት ኮርኒስ እንዲሸከም ነው የተሠራው፤ ሰው እንዲሸከም አይደለም" አሉኝ። እንዲህ ያለ የኮርኒስ እንጨት የሚታሰበው በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ገደማ ቢጫንበት ነው፤ መኝታ ቤት ወለል ግን እንደየአገሩ ደንብ በካሬ ሜትር ከ150 እስከ 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ ይሠራል። ስለዚህ በነበረው እንጨት ላይ ጣውላ መትቶ ወለል ማለት አይቻልም። አዲስ እንጨት በአዲስ ቢም ላይ ያርፋል፣ ቢሙ ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ግድግዳው መሠረት ላይ ያርፋል፣ መሠረቱ ደግሞ አንድ ወለል ብቻ ያለው ቤት መሠረት ነው።

በዚህ ምክንያት መሐንዲሱ ግድግዳው ሥር ሁለት ቦታ አስቆፈሩ። ጥልቀቱና አፈሩ ታየ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ወጪውም ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሳይቆፈር ተጀምሮ መሠረቱ ደካማ ሆኖ ቢገኝ በሥራው መሃል ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳስበው አሁንም ይከብደኛል። የእኛ ደህና ሆነ።

ሌላም ነገር አዩልን፤ የጣሪያውን አሠራር። ጣሪያችሁ እዚያው ቤቱ ላይ እንጨት በእንጨት የተሠራ ከሆነ መሃሉን መክፈት ይቀላል። በፋብሪካ ተገጣጥሞ የመጣ፣ መሃሉ ላይ እንጨቶቹ ወዲህና ወዲያ የተጠላለፉበት ካፕሪያታ ከሆነ ግን እነዚያ እንጨቶች ጣሪያውን የያዙት እነሱ ናቸውና ዝም ብሎ አይቆረጡም፤ መጀመሪያ በሌላ ነገር መደገፍ አለባቸው። እሱ ብቻውን የበጀቱን መልክ ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ መጻፍ የፈለግኩት ስለሱ ነው።

ፎቅ በሌለው ቤት ደረጃ የሚሆን ቦታ የለም። ማንም አላሰበበትም። እኛም ላይ ስለሚወጡት ክፍሎች ስናወራ ከርመን ደረጃው የት ይሆናል የሚለውን የጠየቅነው አርክቴክቷ ስትጠይቀን ነው። ከታችኛው ወለል እስከ ላይኛው 2.7 ሜትር ከሆነ 14 እርከን ያስፈልጋል፣ እያንዳንዱ 19 ሴንቲሜትር ገደማ። የሚረገጠው 25 ሴንቲሜትር ቢሆን ደረጃው 3.25 ሜትር ይረዝማል፣ ወርዱ 90 ሴንቲሜትር። መነሻውና መድረሻው ላይ መቆሚያ ሲጨመር ከታች 5 ካሬ ያህል፣ ከላይም እንዲሁ ይሄዳል። በዚያ ላይ ስትወጡ ራሳችሁን እንዳይመታችሁ ከእርከኑ እስከ ጣሪያው 2 ሜትር መኖር አለበት፤ ስለዚህ የደረጃው መጨረሻ ጣሪያው ከፍ ወዳለበት ወደ መሃል መድረስ አለበት። ይህ ሁሉ ሲደማመር ደረጃው ሊሆን የሚችልበት ቦታ በቤቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የእኛ ሁለት ነበር። አንዱ ሳሎኑን ለሁለት ይከፍላል። ሌላው ከመግቢያው ኮሪደር ተነስቶ ከትንሿ መኝታ ቤት ይቆርጣል። ትንሿ መኝታ ቤት ለእናቴ የታሰበችው ናት። አርክቴክቷ የሁለቱንም ልክ ጻፈችልን፣ እኔና ባለቤቴ ወለሉ ላይ በቀለም ቀቢዎች ወረቀት ፕላስተር ምልክት አደረግንና አንድ ሳምንት ሙሉ አብረነው ኖርን። በዚያ ሳምንት እናቴ ለጥየቃ መጥታ ነበር። ምልክቱን ረግጣ ማለፍ አልፈለገችም፤ ዙሪያውን እየሄደች "ደረጃው እዚህ ከሆነ አልጋዬ ወዴት ይዞራል?" አለች። አልጋውን ገፍተን አየነው። በሩ በደንብ አልከፈት አለ። ያኔ ነው የጓሮው ማስፋፊያ ዕቅድ የተለወጠው፤ ወጥ ቤቱን ብቻ ማስፋት ቀርቶ ከጎኑ ለእናቴ በቂ ክፍል እንዲወጣ፣ ትንሿ ክፍል ደግሞ ለደረጃውና ለዕቃ ማስቀመጫ እንድትሆን ወሰንን። 15 ካሬ የነበረው 21 ሆነ።

ያ ውሳኔ ያስወጣን ጥቂት ሜትር ፕላስተር ብቻ ነው። መሠረት ከተቆፈረ በኋላ ቢሆን ኖሮ ፕላን መቀየር፣ ፈቃድ ማስለወጥ፣ የቆመ ሠራተኛ መክፈል ነበረብን። ለዚህ ነው የላይኛውንና የጓሮውን ሥራ እንደ ሁለት የተለያየ በጀት አትዩት የምለው። ላይ ክፍል ስትጨምሩ ታች ቦታ ታጣላችሁ፣ ታች የምታጡት ደግሞ የጓሮውን ልክ ይወስናል።

ደረጃው የሚነሳበት ቦታ ለሌላም ነገር ያሳስባል። ላይ የሚተኛ ሰው እሳት ቢነሳ በየት ይወጣል? ደንቡ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ፕላን ከመሳሉ በፊት የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። ደንብ ቢኖርም ባይኖርም ግን ልጆቼ በወጥ ቤት በኩል አልፈው ካልሆነ ከቤት መውጣት የማይችሉበትን ደረጃ አላሠራም። ሰው የሚያሳልፉ መስኮቶች፣ ላይና ታች እርስ በርስ የተያያዙ የጭስ ማንቂያዎች፣ እሳት የሚያዘገዩ በሮች፤ እነዚህ በጀት ሲጠብ የሚቀነሱ ነገሮች አይደሉም። የራሳቸው መስመር ይኑራቸው።

ውሃው ደግሞ ያልጠበቅነው ነበር። ታንከሩ ያለው ኮርኒሱ ላይ ነው፣ ልጆቹ በሚተኙበት ቦታ። እሱን ማንሳት ብቻ መስሎን ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው እንዳስረዳን ውሃ በራሱ ክብደት ሲወርድ ግፊት የሚያገኘው ከከፍታው ነው፤ 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ይሰጣል። ታንከሩ ከሻወሩ በላይ 1 ሜትር ብቻ ከሆነ 0.1 ባር ነው፣ ማለትም እየተንጠባጠበ የሚወርድ ሻወር። ላይ መታጠቢያ ቤት ካለ ወይ ፓምፕ ይገባል ወይ የቤቱ የውሃ አሠራር ይቀየራል። የፍሳሽ ቧንቧውም በዳገት አይሄድም። ስለዚህ የላይኛውን መታጠቢያ ቤት በታችኛው መታጠቢያ ቤት ትክክል አደረግነው፤ አርክቴክቷ የሳለችው ቦታ የተሻለ ብርሃን ነበረው፣ ግን የሽንት ቤቱ ወፍራም ቧንቧ በወለሉ እንጨቶች መሃል ረጅም መንገድ መሄድ ነበረበት። እዚህ ላይ ከውበቱ ገንዘቡን መረጥኩ።

የጓሮው ሥራ ላይ ብዙ አልቆይም፣ አዲስ ግንባታ ስለሆነ ግምቱ ቀለል ይላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ መሬት ውስጥ ያለውን። የፍሳሽ ማንሆል የት ነው? ቧንቧው በየት ያልፋል? አጠገቡ ትልቅ ዛፍ አለ? የእኛ ማንሆል ልክ አዲሱ ወለል በሚያርፍበት ቦታ ነበር። መነሳት ነበረበት። ቀድመን ስላወቅን መስመር ሰጠነው።

አንድ ጥያቄም ቀድማችሁ ጠይቁ እላለሁ፤ ጣሪያውን በሙሉ አንስቶ ሙሉ ፎቅ መጨመር ስንት ይሆናል? በእርግጥ ይወደዳል፣ ፈቃዱም ይከብዳል፣ መሠረቱም የበለጠ መቻል አለበት። ግን ተዳፋቱ ዝቅ ያለ ከሆነና ሁለት ትልልቅ ዶርመር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ የምትኖሩበትን ካሬ ይዛችሁ ብታካፍሉት ልዩነቱ ከምታስቡት ያነሰ ሊሆን ይችላል። እኛ አስገምተነው ለእኛ አላዋጣም። ሳንጠይቅ ብንቀር ግን ዕድሜ ልኬን እያሰብኩት እኖር ነበር።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶት ነበር፣ እኔ ግን በእጄ የጻፍኩትን ነው የማምነው። መጀመሪያ ከጠቅላላው ገንዘባችን ላይ 15 በመቶ አነሳንና መጠባበቂያ ብለን ለየነው። ከሌለ ገንዘብ ላይ የሚጨመር ሳይሆን ካለው ላይ የሚነሳ ነው። ቤቱ አሮጌ ስለሆነ ከ10 በመቶ በታች አይሆንም ብለው መሐንዲሱም መክረውን ነበር። ከቀረው ላይ የአርክቴክቷን፣ የመሐንዲሱን፣ የፈቃዱንና የቁጥጥሩን አስቀመጥን። ከዚያ ታክሱን። ብዙ ሰው ዋጋ ሲሰማ ታክስ ያለበት ይሁን የሌለበት አይጠይቅም። ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ተከፍቶ ባለበት ጊዜ የምንኖርበትን ቤት ኪራይ። ይህ ሁሉ ወጥቶ ነው ለኮንትራክተሩ የሚተርፈው የታወቀው፤ ያ የመጀመሪያው ማታ ከተባዛው በጣም ያነሰ ነበር። ማወቁ ከበደን። ግን በዚያ ቁጥር ነው ፕላኑን ያስተካከልነው።

ሦስት ኮንትራክተር ዋጋ አቀረበልን። አንደኛው ከሌሎቹ በጣም ርካሽ ነበር፣ ባለቤቴም ልቡ ወደሱ ሄደ። "አንቺ ሁልጊዜ ትጠራጠሪያለሽ" አለኝ። ሦስቱንም ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን በየመስመሩ እያነበብን ስናመሳክር ርካሹ ውስጥ ሠራተኞቹ የሚቆሙበት መወጣጫ የለም፣ የፍርስራሽ መጫኛው የለም፣ ጣሪያው ሲከፈት ከዝናብ የሚከልለው ሸራ የለም፣ ቀለም የለም፤ ደረጃው ደግሞ "በግምት" ተብሎ በማይሆን ትንሽ ቁጥር ተቀምጧል። የጎደሉትን ከሌሎቹ ወረቀት እየወሰድን ስንሞላለት ሦስተኛ ወጣ፣ ማለትም ከሦስቱ በጣም ውዱ ሆነ። ሰውየው አታለለን ማለቴ አይደለም፣ ያልጠየቅነውን አልጻፈም። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር ስጡ፤ የሥራውን ዓይነትና ብዛት የሚቆጥር ሰው ከፍላችሁም ቢሆን አሠሩ። "በግምት" የሚል ቃል ያለበትን መስመር ሁሉ በቀይ አስምሩበትና ከመፈረማችሁ በፊት ወደ እውነተኛ ቁጥር እንዲለወጥ ጠይቁ። ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቆመው ለማውረድ ይቸግራልና ፊርማው ላይ አትቸኩሉ።

ክፍያውን በሥራው ደረጃ ከፋፈልነው። መሠረትና ወለል ሲያልቅ፣ ቢሙ ሲገባ፣ ጣሪያው ሲዘጋ፣ ልስኑ ሲያልቅ፣ በመጨረሻም ርክክብ ላይ። የተሠራን ነው የምንከፍለው። 5 በመቶ ደግሞ ለስድስት ወር በእጃችን ቆየ፣ ጉድለት ቢወጣ ተመልሶ እንዲያስተካክል። ሥራ ለመለወጥ ስንፈልግ፣ አንድ ሶኬት እንኳ ቢሆን፣ ዋጋውን በጽሑፍ አይተን ሳንፈርም አይሠራም። ፎርማኑ መጀመሪያ ትንሽ ተከፋ፣ በኋላ ግን እሱም ወደደው፤ "ጭቅጭቅ አይኖርም" አለኝ።

ሁለቱን ሥራ ባንድ ላይ መሥራታችን ጠቅሞናል። አንድ መወጣጫ፣ አንድ ፕላን፣ አንድ ፈቃድ፣ አንድ ጊዜ መውጣት አንድ ጊዜ መመለስ። ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃችሁ ከሆነ ግን ፕላኑን ለሁለቱም አሠሩና ሥራውን ለሁለት ክፈሉት፤ ጓሮውን ስትሠሩ በኋላ የላይኛውን ጭነት የሚቀበለው ቦታ አብሮ ይሠራ፣ የውሃና የመብራት መስመሩም ወደ ላይ የሚወጣበት ይተውለት። ይህ፣ በኋላ መጥቶ የተሠራን ጣሪያ ከማፍረስ በጣም ይቀላል።

መጠባበቂያው የት ሄደ? ጣሪያው ሲከፈት ክፈፉ አካባቢ ሰባት እንጨት በእርጥበት በስብሶ ተገኘ፤ ከታች ሆኖ አይታይም፣ ስንለካም አላየነውም። ከዚያ የመብራቱ ሳጥን አዲሱን ጭነት አልችል አለና ተቀየረ። ሁለቱ አንድ ላይ የመጠባበቂያውን ሁለት ሦስተኛ ወሰዱ። የቀረውን እስከ ርክክቡ ቀን አልነካነውም። ከርክክቡ በኋላ፣ ጣሪያው ዝቅ ብሎ ሰው በማይቆምበት በሁለቱም ጎን፣ አናጺው ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ዝቅ ያለ ቁምሳጥን ሠራልን። የልጆቹ ልብስና መጽሐፍ የኛም ሻንጣ እዚያ ገብቷል፤ ያ በጉልበታችን የለካነው ቦታ ነው።